ኒቅያ ላይ ምን ተወሰነ? ሄኖክንስ ማን አወጣው?

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። «መምህር፣ ሰሞኑን ምሳ ላይ ከአንድ የሥራ ባልደረባዬ ጋር ተከራከርን። ኢየሱስ አምላክ የተባለው በ325 ኒቅያ ላይ በተደረገው የጳጳሳት ጉባኤ በድምፅ ብልጫ ነው አለኝ። መጽሐፍ ቅዱስንም የሮሙ ንጉሥ ቆስጠንጢኖስ እዚያው እንደፈለገው ቆርጦ ቀጥሎታል፣ መጽሐፈ ሄኖክም ያኔ ነው የወጣው አለኝ። ቪዲዮም አሳየኝ። እኔ ‹318ቱ ሊቃውንት አርዮስን አወገዙ› ከሚለው ያለፈ የማውቀው ስለሌለኝ ዝም አልኩ። ምን ልበለው?»

ወንድሜ፣ የቤተ ክርስቲያን ታሪክ ሳስተምር ይህ ጥያቄ ሳይነሣ ያለቀ ሴሚስተር አላስታውስም። ድሮ ተማሪዎቹ ከልብ ወለድ አንብበው ነበር የሚመጡት። አሁን ከቲክቶክ ነው። ባልደረባህ ሦስት ነገር ነው ያለው። ሦስቱም ስሕተት ናቸው። ከሥራቸው ያለው ግን፣ የንጉሡ እጅ አለበት የሚለው፣ ግማሽ እውነት አለው። ያችን ግማሽ አንደብቃትም።

ዓመቶቹን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው። የኛ ሲሆን ዓ.ም. እላለሁ።

መጀመሪያ፣ ስለ ጉባኤው በእጃችን ያለውን ማወቅ ይጠቅማል። ቃለ ጉባኤ የለም። ማን ምን ተናገረ፣ ማን ምን መለሰ የሚል መዝገብ አልደረሰንም። የደረሰን የሃይማኖት መግለጫው፣ 20 ቀኖናዎች (የቤተ ክርስቲያን ሕግጋት)፣ ለግብፅ አብያተ ክርስቲያናት የተላከ ደብዳቤ፣ እንዲሁም እዚያ የነበሩ ሰዎችና ንጉሡ የጻፏቸው መልእክቶች ናቸው። ስለዚህ አንድ ሰው የኒቅያን ክርክር እንደ ፊልም ትዕይንት ሲተርክልህ ትንሽ ጠርጥር። ቅዱስ ኒቆላዎስ አርዮስን በጥፊ መታው የሚለው ታሪክ እንኳ በጽሑፍ የተገኘው ከጉባኤው ወደ አንድ ሺህ ዓመት ገደማ ቆይቶ ነው።

ቁጥሩም ራሱ ታሪክ አለው። እዚያው የነበረው የቂሳርያው አውሳብዮስ «ከ250 በላይ» ጳጳሳት ይላል። ኋላ የእስክንድርያ ጳጳስ የሆነው አትናቴዎስ መጀመሪያ «300 ያህል» ብሎ፣ በኋላ 318 አለ። 318 አብርሃም ሎጥን ለማስመለስ ይዟቸው የወጣው የቤቱ ብላቴኖች ቁጥር ነው። በግሪክ ፊደል ሲጻፍ ደግሞ አንዱ ፊደል መስቀል ይመስላል፣ ሁለቱ የኢየሱስ ስም መጀመሪያ ናቸው። አባቶች ይህን አይተው ቁጥሩን ወደዱት። እኛም ሠለስቱ ምዕት ብለን፣ መሰብሰባቸውን መስከረም 21 በብዙኃን ማርያም፣ ጉባኤውን ኅዳር 9 እናስባለን፤ በስማቸውም ቅዳሴ አለን። ትክክለኛው ቁጥር 270 ቢሆን 300 ለዛሬው ጥያቄህ የሚለውጠው የለም።

ወደ «ድምፅ ብልጫው» እንሂድ።

ከኒቅያ ሁለት መቶ ዓመት ገደማ ወደኋላ ተመለስ። በ112 አካባቢ ፕሊኒ የሚባል ሮማዊ ገዥ ለንጉሡ ለትራጃን ደብዳቤ ጻፈ። ክርስቲያኖችን ይዞ መርምሯል፤ ምን እንደሚያደርግ ግራ ገብቶታል። እነዚህ ሰዎች ምን ይሠራሉ? በተወሰነ ቀን ገና ሳይነጋ ይሰበሰባሉ፤ ለክርስቶስ «እንደ አምላክ» መዝሙር ይዘምራሉ። ይህን የጻፈው ክርስቲያን አይደለም፤ ክርስቲያኖችን የሚያስገድል ሰው ነው። የሚገዛው አገር የት መሰለህ? ቢታንያ። ኒቅያ ያለችበት ክፍለ ሀገር! ጳጳሳቱ በ325 የተሰበሰቡት፣ ሰዎች ለኢየሱስ እንደ አምላክ ሲዘምሩ ተይዘው በተገደሉበት ምድር ላይ ነው።

ሌላም ልጨምርልህ። በ2005 እስራኤል ውስጥ መጊዶ ላይ በእስር ቤት ግቢ ቁፋሮ ሲደረግ የጥንት የጸሎት አዳራሽ ወለል ወጣ። በ230 ገደማ የተነጠፈ ሞዛይክ ነው ይላሉ ቆፋሪዎቹ። ላዩ ላይ አንዲት ሴት ማዕዱን «ለአምላክ ኢየሱስ ክርስቶስ» መታሰቢያ አድርጋ እንደሰጠች ተጽፏል። በነርሱ ግምት ከሄድን ያን ጊዜ ቆስጠንጢኖስ ገና አልተወለደም።

ታዲያ ኒቅያ ላይ የተጣሉት በምንድነው? ነገሩ የሚጥመው እዚህ ጋ ነው። የብዙ ሰው ስሕተት አርዮስ «ኢየሱስ ተራ ሰው ነው» ያለ መምሰሉ ነው። የኛም ሰው እንዲህ ነው የሚያስበው። አርዮስ እንዲህ አላለም። የእስክንድርያ ቄስ ነበር፤ ሰው የሚወደው ሰባኪ። ትምህርቱን ለመርከበኛ፣ ለወፍጮ ሠራተኛና ለመንገደኛ በሚሆን ዜማ አድርጎ አሰራጨው ይባላል። ወልድን «አምላክ» ይለዋል። ከዓለም በፊት ነበረ፣ ዓለም የተፈጠረው በእርሱ ነው ይላል። ከመላእክት ሁሉ በላይ ያደርገዋል። አንድ ነገር ብቻ ይጨምራል፦ «ያልነበረበት ጊዜ ነበረ።» መጀመሪያ የሌለው አብ ብቻ ነው። ወልድ ግን መጀመሪያ አለው፤ አብ ከምንም ያስገኘው የፍጥረት ሁሉ በኩር ነው።

እውነቱን ለመናገር አርዮስ ሞኝ አልነበረም። ጥቅስ አለው። መጽሐፈ ምሳሌ 8፥22 ላይ ጥበብ ስትናገር የግሪኩ ትርጉም «ፈጠረኝ» ይላል። ሎጂክም አለው፦ ልጅ ከሆነ ከአባቱ በኋላ ነው የመጣው፤ ከአባቱ እኩል ዘመን ያለው ልጅ የት ይገኛል? ጭንቀቱም የእውነት ነው፦ አምላክ አንድ ነው፣ ሁለት መጀመሪያ የሌላቸው ካሉ ሁለት አማልክት መሆናቸው አይደለም ወይ? ይህን ጥያቄ ዛሬ ታክሲ ውስጥ ብትጠየቅ ቶሎ አትመልሰውም።

ጳጳሱ እለእስክንድሮስና ኋላ እርሱን የተካው አትናቴዎስ የመለሱት ከሌላ ጎን ገብተው ነው። ፍጡር ፍጡርን ከእግዚአብሔር ጋር ማገናኘት አይችልም። ድልድይ ከወንዙ ዳር እስከ ዳር ካልደረሰ ድልድይ አይደለም። ወልድ በጣም ትልቅ፣ በጣም የከበረ ፍጡር ቢሆን እንኳ እኛው ዳር ነው የቆመው። የድልድዩ ምሳሌ የኔ ነው፤ ክርክሩ ግን የአትናቴዎስ ነው። ደግሞም ይጠይቃል፦ በአብ በወልድ በመንፈስ ቅዱስ ስም ትጠመቃላችሁ፤ ታዲያ ግማሹን በፈጣሪ፣ ግማሹን በፍጡር ስም ነው የምትጠመቁት? ለክርስቶስ ትሰግዳላችሁ፤ ለፍጡር መስገድ ጣዖት ማምለክ አይደለም?

ስለዚህ ጉባኤው ያነሣው ጥያቄ «ሰው ነው አምላክ?» አልነበረም። «አምላክ ነው ስንል ምን ማለታችን ነው?» ነበር። ፈጣሪ ነው ወይስ የፍጡራን አለቃ?

ጉባኤው የመለሰውን አንተ በየቅዳሴው ትለዋለህ። ጸሎተ ሃይማኖትን በግእዙ አስታውስ፦ «ብርሃን ዘእምብርሃን፣ አምላክ ዘእምአምላክ ዘበአማን፣ ዘተወልደ ወአኮ ዘተገብረ፣ ዘዕሩይ ምስለ አብ በመለኮቱ።» እያንዳንዷ ሐረግ ሥራ አላት። «ዘተወልደ ወአኮ ዘተገብረ»፣ የተወለደ እንጂ ያልተፈጠረ፣ የአርዮስን በር የምትዘጋ ናት። መወለድና መፈጠር ለእርሱ አንድ ነበሩ፤ ጉባኤው ለያቸው። አናጢ ወንበር ይሠራል፤ ወንበሩ ግን አናጢ አይሆንም። አናጢ ልጅ ሲወልድ የሚወልደው ሰው ነው።

«ብርሃን ዘእምብርሃን» ላይ ትንሽ እንቆይ። ብዙዎቻችን ስናስረዳው ጧፍ ከጧፍ ሲለኮስ ነው የምናስበው። የፋሲካ ሌሊት ያንዱ ጧፍ ከሌላው እየተቀጣጠለ ቅጥሩ ሁሉ ሲበራ ማን የማያውቅ አለ? ምስሉ ደስ ይላል። ግን ክፍተት አለበት፤ ሁለተኛው ጧፍ ከመለኮሱ በፊት ጨለማ ነበር። ተለኩሶም ለብቻው ይቆማል። የሚገርመው ይህን ምሳሌ የጠላው አርዮስ ራሱ ነው። ለጳጳሱ በጻፈው ደብዳቤ ላይ «መብራት ከመብራት» ብለው የሚያስተምሩትን አልቀበልም ይላል፤ አብ የሚከፈል መሰለው። አትናቴዎስ ደግሞ ፀሐይንና ጸዳሏን ነው የሚመርጠው። ፀሐይ ኖራ ብርሃኗ ያልነበረበት ቅጽበት የለም። ከእርስዋ ይወጣል፤ ግን ከእርስዋ በኋላ አይመጣም። የኔታ ምሥጢረ ሥላሴ ሲያስተምሩ ክበቡ፣ ብርሃኑ፣ ሙቀቱ የሚሉት የዚሁ ዘር ነው።

«ዘዕሩይ ምስለ አብ በመለኮቱ» የምትለዋ ናት ጦርነቱን ያመጣችው። ግሪኩ «ሆሞኡሲዮስ» ይላል፤ በባሕርይ አንድ የሆነ ማለት ነው። ቃሉ መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ የለም። ይባስ ብሎ ስሙ የጎደፈ ቃል ነበር። በ268 አንጾኪያ ላይ የከተማዋ ጳጳስ ጳውሎስ ሳምሳጢ ሲወገዝ ይህ ቃል አብሮ ተነቅፏል። የቂሳርያው አውሳብዮስ ወደ ሀገረ ስብከቱ የጻፈው ደብዳቤ እጃችን ላይ አለ። ቃሉ እንዳልተዋጠለት ያስታውቃል። «ፈርሜያለሁ፣ ግን እንዲህ እንዲህ ማለት እንደሆነ ተነግሮኝ ነው» ዓይነት ነው። ታዲያ ለምን ይህን ቃል መረጡ? አትናቴዎስ በኋላ እንደሚተርከው፣ ከመጽሐፍ የወጣ ቃል ባነሡ ቁጥር የአርዮስ ወገኖች ተጠቃቅሰው «ይህንንማ እኛም እንቀበላለን» ይሉ ነበር። ሊቀበሉት የማይችሉት ቃል አስፈለገ።

አሁን ቆጠራው። ጓደኛህ «ድምፅ ብልጫ» ሲል 160 ለ 140 ዓይነት ነገር መስሎታል። አልፈርምም ብለው እስከ መጨረሻ የጸኑት ሁለት ጳጳሳት ናቸው፦ ቴዎናስና ሰኩንዶስ። ሁለቱም የሊቢያ ሰዎች። ከአርዮስ ጋር ተሰደዱ።

እዚህ ላይ «እንዴ፣ አልፈርምም ያለ ከተሰደደ ነጻ ስምምነት ነው እንዴ?» ብትለኝ አልቆጣም። ግማሽ እውነት ያልኩህ ይህን ነው።

ጉባኤውን የጠራው ቆስጠንጢኖስ ነው። መጀመሪያ አንቂራ ላይ ሊሆን ነበር፤ ዛሬ አንካራ የምንላት። ወደ ኒቅያ ያዛወረው እርሱ ነው። ጳጳሳቱ የመጡት በመንግሥት መጓጓዣ፣ የበሉት በመንግሥት ወጪ ነው። ጥቂት ዓመት ቀደም ብሎ ብዙዎቹ በስደት ሲንገላቱ የነበሩ ናቸው። አሁን ንጉሡ በወርቅና በዕንቁ አጊጦ መሐላቸው ይቀመጣል። አስበው። «ሆሞኡሲዮስ» የሚለውን ቃል ንጉሡ ራሱ እንደደገፈው አውሳብዮስ ይናገራል። የሰደዳቸውም መንግሥት ነው። ንጉሡ የፈለገው ሰላም ነበር። እንዲያውም ከጉባኤው በፊት ለሁለቱም ወገን በላከው ደብዳቤ ነገሩን ተራ ክርክር አድርጎ አቃልሎ ነበር።

ግን የንጉሥ ፈቃድ ሃይማኖትን የሚወስን ቢሆን ኖሮ፣ ዛሬ የምንደግመው የአርዮስን ነበር። ምክንያቱም ቆስጠንጢኖስ ሦስት ዓመት ሳይሞላው ልቡ ተመለሰ። የተሰደዱትን መለሰ። አርዮስንም ተቀበለው። በ337 በሞት አልጋው ላይ ሆኖ ያጠመቀው ማን እንደሆነ ታውቃለህ? የአርዮስ ዋና ደጋፊ የነበረው የኒቆሜድያው አውሳብዮስ! ልጁ ቆስጣንዮስ ደግሞ የኒቅያን ወገን አሳደደ። በ360 ቁስጥንጥንያ ላይ በባሕርይ ስለመተካከል የሚናገረው ቃል ጭራሽ እንዳይነሣ ተወሰነ። አትናቴዎስ በ45 ዓመት ጵጵስናው አምስት ጊዜ ተሰደደ፤ ድምሩ ወደ 17 ዓመት ይሆናል። ኒቅያ የጸናችው በ381 በቁስጥንጥንያው ጉባኤ ነው። ከጀርባውም ሌላ ንጉሥ፣ ቴዎዶስዮስ አለ። እንግዲህ የነገሥታት እጅ በሁለቱም በኩል ነበረ። ግን ንጉሥ በጠላው ጊዜ ያን ቃል ለ56 ዓመት የተሸከመው ማነው? ለኔ የታሪኩ ክብደት እዚያ ላይ ነው።

ይህ ጠብ አክሱም ድረስ መጥቷል። ብዙ ሰው አያውቀውም። ፍሬምናጦስን፣ የኛን አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃንን፣ ጳጳስ አድርጎ የላከው አትናቴዎስ ነው። በ356 ወይም በ357 ቆስጣንዮስ ለኢዛናና ለሳይዛና ደብዳቤ ጻፈ። «ክቡራን ወንድሞች» ይላቸዋል። ፍሬምናጦስን በፍጥነት ወደ ግብፅ ላኩት፣ አዲሱ ጳጳስ ጊዮርጊስ ይመርምረው፣ አትናቴዎስ አበላሽቶት ሊሆን ይችላል ዓይነት ደብዳቤ ነው። ጊዮርጊስ የተባለው በአትናቴዎስ ወንበር ላይ በወታደር የተቀመጠው ነው። ደብዳቤው የተረፈው አትናቴዎስ በራሱ ጽሑፍ ውስጥ ስለገለበጠው ነው። ከአክሱም የሄደ መልስ አልተገኘም። የተገኘው ድንጋይ ነው። አክሱም ውስጥ በግሪክ የተቀረጸ የኢዛና ጽሑፍ አለ፤ በአብ፣ በወልድና በመንፈስ ቅዱስ ኃይል ብሎ ይጀምራል።

ወደ መጽሐፍ ቅዱሱ እንለፍ። ይህኛው ቀላል ነው፤ 20ዎቹን ቀኖናዎች ማንበብ ብቻ ነው። ራሱን ስለ ሰለበ ካህን ይናገራሉ። ካህን ከማትዛመደው ሴት ጋር ቤት እንዳይጋራ ይከለክላሉ። ጳጳስ ሲሾም ቢያንስ ሦስት ጳጳሳት ይገኙ ይላሉ። ካህን በወር ከመቶ አንድ ወለድ ካበደረ ይሻር ይላሉ፤ ይህችኛዋ ዛሬም ብትነበብ አትከፋም። በስደት ጊዜ የካዱ እንዴት ይመለሱ የሚለው ሰፊ ቦታ ይዟል። የመጨረሻዋ 20ኛዋ በእሑድና በበዓለ ሃምሳ ቆማችሁ ጸልዩ እንጂ አትንበርከኩ ትላለች። ይህችን ታውቃታለህ። ስቅለት ዕለት ወገባችን እስኪንቀጠቀጥ ሰግደን፣ ከፋሲካ ጀምሮ 50 ቀን ስግደት የለም የምንለው ከዚሁ ጋር ይገናኛል።

ስለ መጻሕፍት ዝርዝር ግን አንድ መስመር የለም። አንድም። ሊቁ ጀሮም ብቻ፣ ኒቅያ ዮዲትን ከመጻሕፍት ቆጥሯታል ተብሎ ይነበባል ብሎ በመግቢያ ጽሑፉ ላይ ጠቀስ ያደርጋል። ከቀኖናዎቹ ውስጥ ግን ይህን የሚያሳይ የለም።

ታዲያ ወሬው ከየት መጣ? በ9ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ገደማ የተጻፈ አንድ የግሪክ ድርሳን አለ። መጻሕፍቱ ሁሉ በመንበሩ አጠገብ ተከምረው፣ ጸሎት ተደርጎ፣ እውነተኞቹ ላይ ሲገኙ ሐሰተኞቹ ታች ወደቁ ይላል። ከ500 ዓመት በላይ ቆይቶ የተጻፈ ተረት ነው። በ18ኛው መቶ ዓመት ፈረንሳዊው ቮልቴር እየሳቀበት ጻፈው፤ ከዚያ ወዲያ ቆመ የሚባል ነገር የለም። ሌላው ምንጭ ቆስጠንጢኖስ በ331 ገደማ የቂሳርያውን አውሳብዮስ 50 መጽሐፍ ቅዱስ በብራና አስጽፈህ ላክ ማለቱ ነው። ይህ እውነት ነው። ግን ለቁስጥንጥንያ አዳዲስ አብያተ ክርስቲያናት የተደረገ የመጽሐፍ ትእዛዝ ነው፤ የትኞቹ መጻሕፍት እንደሚገቡ ንጉሡ አልዘረዘረም።

መጻሕፍቱ የተለዩት ቀስ በቀስ ነው። አራቱን ወንጌላት ከ180 ገደማ ጀምሮ ሄሬኔዎስ «ከዚህ አይበዙም አያንሱም» ብሎ ሲሟገትላቸው እናገኛለን። አውሳብዮስ በኒቅያ ዘመን አካባቢ፣ ሁሉ የተቀበሏቸውንና ገና የሚከራከሩባቸውን ለይቶ ይጽፋል። ጉባኤው ቢወስን ኖሮ ክርክሩ ባለቀ ነበር። የአዲስ ኪዳን 27 መጻሕፍት ልክ እንደዛሬው ተዘርዝረው መጀመሪያ የምናገኛቸው በ367 ነው። የጻፈው አትናቴዎስ ነው፤ የእስክንድርያ ጳጳስ የፋሲካን ቀን ለማሳወቅ በየዓመቱ በሚልከው ደብዳቤ ላይ።

እዚህ ጋ ሄኖክ ይመጣል። ትንሽም ይቆረቁራል።

በዚያው የፋሲካ ደብዳቤ አትናቴዎስ የሄኖክ መጻሕፍት የሚባሉትን ይነቅፋል። የተረፈው የቅብጥኛው ክፍል ላይ፣ ከሙሴ በፊት መጽሐፍ ሳይኖር እነዚህ የሄኖክ ናቸው ብሎ የዋሁን ሰው ያሳመነው ማነው ይላል። አዎ፣ አባ ሰላማን የላከልን አትናቴዎስ። ደብዳቤው ግን የጉባኤ ብይን አይደለም፤ ለራሱ ሀገረ ስብከት ነው የጻፈው። ከዝርዝሩ አስቴርን እንኳ ውጪ አድርጓታል። ዛሬ አስቴር የሌለችበት መጽሐፍ ቅዱስ አይተህ ታውቃለህ?

ሄኖክን ያወጣው አንድ ጉባኤ የለም። የይሁዳ መልእክት «ከአዳም ጀምሮ ሰባተኛ የሆነው ሄኖክ» ብሎ ይጠቅሰዋል። በ200 አካባቢ ተርቱልያኖስ ይሟገትለታል። እያደር ግን በግሪክና በላቲን ዓለም መነበቡ ቀረ። አውግስጢኖስ ከጥንትነቱ የተነሣ አይታመንም አለ። ጸሐፊ ያልገለበጠው ብራና ደግሞ ይጠፋል። ማቃጠል አላስፈለገም፤ መርሳት በቂ ነበር። እኛ ጋ ግን ከግሪክ ወደ ግእዝ ተተርጉሞ ከሰማንያ አሐዱው ተቆጥሮ ኖረ። በ1773 ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ ቅጂዎቹን ይዞ ሲመለስ አውሮፓ ሙሉውን መጽሐፍ አየው። በኋላ ሙት ባሕር አጠገብ ቁምራን ዋሻ ውስጥ የአራማይክ ቁርጥራጮቹ ሲወጡ ጥንታዊነቱ ተረጋገጠ። ሙሉው እስከ ዛሬ ያለው በግእዝ ብቻ ነው። ስለዚህ ባልደረባህ «ኒቅያ አወጣችው» ሲልህ፣ የኒቅያን ሃይማኖት አጥብቃ የያዘች ቤተ ክርስቲያን ሄኖክንም እንደያዘች ንገረው። ሁለቱ ተጣልተው አያውቁም።

በኒቅያ ስም የተሠራ ሐሰተኛ ነገር ካማረው ግን የእውነት አንድ አለ። የጎዳውም እኛን ነው። ከዘመናት በኋላ በዐረብኛ የተሰባሰቡ «የኒቅያ ቀኖናዎች» አሉ፤ 20 መሆናቸው ቀርቶ ከ80 በላይ ናቸው። ከነዚህ አንዷ ኢትዮጵያውያን ከራሳቸው ሊቃውንት መካከል በፈቃዳቸው ሊቀ ጳጳስ አይሹሙ ትላለች። ይህች ቃል በ13ኛው መቶ ዓመት ግብፅ ውስጥ በተዘጋጀው፣ እኛ ፍትሐ ነገሥት ብለን በያዝነው መጽሐፍ ገባች። እውነተኛው የኒቅያ 6ኛ ቀኖና ለእስክንድርያ ግብፅን፣ ሊቢያንና ጴንጣፖሊስን ነው የሚሰጠው። ኢትዮጵያ የምትባል ስም የለችበትም። ቢሆንም 318ቱ አዘዋል እየተባለ ጳጳስ ከግብፅ ሲመጣ ኖረ። ጳጳሱ ሲሞት ደግሞ አዲስ እስኪላክ ድረስ ዲያቆን የሚሾም ጠፍቶ አገሩ ለዓመታት ይጠብቃል። በ1921 ዓ.ም. አራት ኢትዮጵያውያን ጳጳሳት ተሾሙ። በ1943 ዓ.ም. አቡነ ባስልዮስ ሊቀ ጳጳስ፣ በ1951 ዓ.ም. ፓትርያርክ ሆኑ።